የስታፋው ጫፍ

“ይፈርሳል” አልኩ።

መሬት ቢንቀጠቀጥ ማለቴ ነበር። ብረት ሠራተኛው ጋሽ አየነው ግን ይፍረስ ያልኩ መስሏቸው ሽቦ የሚያስሩበትን ጉጠት መሬት ላይ ጣሉት።

“ስምንት ምሰሶ! ነገ አርማታ ሊሞላ ዛሬ ይፍረስ? እንግዲያው አንቺው አፍርሺው!”

“አይ ጋሼ፣ አፍርሱት አላልኩም። እንዲሁ ከተሞላ አንድ ቀን ራሱ ይፈርሳል ማለቴ ነው።”

“ይሄ ደግሞ የባሰ ነው!”

አብረዋቸው የሚሠሩት ሁለት ጎልማሶች በአዊኛ የሆነ ነገር ተባብለው ሳቁ። አዊኛ አልሰማም፤ ስለ እኔ መሆኑ ግን ገባኝ።

ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል እየተሠራ ነው። ልጆቹ እስካሁን የሚማሩት በቀርከሃ ዳስ ውስጥ ነው። እኔ ከእንጅባራ እየተመላለስኩ ሥራውን እቆጣጠራለሁ። ካልፈረምኩ አርማታ አይሞላም።

የምሰሶውን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ብረት ስታፋ ይባላል። ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምሰሶው ሆድ መታጠፍ አለበት። የጋሽ አየነው ስታፋ ግን ጫፉ ወደ ውስጥ ሳይገባ በፌሮው ጎን ተኝቷል። መሬት ሲናወጥ የላዩ ሲሚንቶ ይረግፋል፤ እንዲህ የታጠፈ ስታፋም ይከፈታል። ይህን ሳስረዳ ይሄ አምስተኛ ሳይቴ ነው። ደክሞኛል።

“ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው ያጠፍኩት። የትኛው ወደቀ?” አሉ።

“መሬቱ ስላልተንቀጠቀጠ ነዋ።”

“እዚህ ምን አንቀጠቀጠው? እሱ የአፋር ነው።”

“ታዲያ የዘንገናን ሐይቅ ማን ቆፈረው? ያን ሁሉ ውሃ የያዘውን ጉድጓድ የከፈተው እሳተ ገሞራ ነው።”

“እኔን እንዳትጠረጥሪ ብቻ” አሉ። ጎልማሶቹ እንደገና ሳቁ።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ይሄይስ ጠጋ አሉኝ። “ልጄ፣ ለነገ ሰው ጠርቻለሁ። ውሃውን በጋሪ ያመጣሉ። ክረምቱም እየገባ ነው፣ ዳሱ ያፈሳል። ፈርሚልን።”

ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ስታፋ እያየሁ ፈርሜያለሁ። ሽማግሌዎች ፊት ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው። አሁን በዚያ ክፍል ልጆች ይማራሉ። በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞራለሁ።

አሁን ግን አልፈረምኩም። ከክምሩ አንድ ስታፋ አነሳሁ፤ ሁለቱ ጫፎች በሚገናኙበት ማዕዘን ቁራጭ ፌሮ አሳለፍኩና ፌሮውን በእግሬ ረግጬ ስታፋውን ሳብኩት። ጫፉ ተንሸራቶ ወጣ።

ጋሽ አየነው ሌላ ስታፋ አንስተው ሁለቱንም ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፉና እሳቸው ራሳቸው ሳቡት። አልወጣም። አንዱን ጎልማሳ ጠርተው ሁለት ሆነው ሳቡት። አሁንም አልወጣም።

“እቺ ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ ልጅ ከከፈተችው…” ብለው ጉጠታቸውን ከመሬት አነሱ።

“መፍታት አያስፈልግም ጋሼ” አልኳቸው። “እንደቆመ ጫፉን ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ማጠፍ ይቻላል።”

“ስንት ስታፋ እንዳለ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

አቶ ይሄይስ የምፈርምበትን ወረቀት ከእጄ ወስደው ያልተፈረመበትን ቦታ አዩት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። “እንግዲህ ነገ እንዳይመጡ ለጠራሁት ሰው ሁሉ ዞሬ ልንገር” ብለው ወጡ። አልተሰናበቱኝም።

ስታፋውን አጥፎ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ አርማታው የተሞላው በሳምንቱ ነው።