የኮርማው ጌታ ቁስል

ሐሙስ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቅዳሜ ማለዳ ኮርማ ይዞ ለመሮጥ የሚነሳ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ በኮርማ ግጥሚያ የሚምል የኢሱካ ጎሳ ሰው። ሺቫቺ ከሁለቱም ነበረበት።

ሐኪሙ እኮ አስጠንቅቆታል። ካካሜጋ ከተማ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነፃ ሕክምና በተሰጠበት ክሊኒክ፣ አልጋ ላይ አጋድሞ አንድ በአንድ ነግሮታል።

«መርፌው ትንሽ ያቃጥልሃል። ከዚያ በኋላ ሆድህ ውስጥ የሆነ ነገር ጎተት ሲያደርግህ ብቻ ነው የሚሰማህ።»

«ዶክተር፣ እንደ ሰንጋ ሊቀጠቅጡኝ ነው?»

ሐኪሙ ሳቀ። «ፍሬህን ማን ነካው? ዘር የሚያልፍባትን ቀጭን ቱቦ ቆርጬ እቋጥራለሁ፣ አለቀ። ጉልበትህም፣ ድምፅህም፣ የመኝታህም ነገር እንዳለ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ አላስረግዝም ማለት ነው?»

«ቀስ በል። ውስጡ የቀረ ዘር አለ። ሦስት ወር ያህል በኮንዶም ተጠንቀቅና መጥተህ ተመርመር። ነፃ ነህ ሲሉህ ብቻ ነው የምታምነው። አሁን ቤትህ ገብተህ ተኛ፣ በረዶ ያዝበት፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ልበስ። ለሳምንት ሩጫ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም።»

«ኮርማ መያዝስ?»

«ዶሮም እንዳትይዝ።»

ሺቫቺ ይህን ሁሉ የቻለው ለሚስቱ ለሙሆንጃ ብሎ ነው። አራተኛዋን ሴት ልጃቸውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። አዋላጇ ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ሌላ እርግዝና ከመጣ ቀብር እንደሚከተል ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ራሱ ወንድ ልጅ ላላገኘው ለታላቅ ወንድሙ ለሊካንጋ ግን ይህ ወሬ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ወንድ ልጅ ሳታስቀር ልትሞት ነው?» እያለ ሺቫቺን ያሳቅቀዋል። ቡሳ የሚሉት ጠላ ሞቅ ሲያደርገውማ ሌላ ሚስት እስከመምረጥ ይደርሳል።

በዚያ አገር ኮርማ ለግጥሚያ የሚያዘጋጅ ሰው ከሚስቱ ቤት ይወጣል። ከእጇ አይበላም፣ ሴትም በረቱ ደጃፍ ድርሽ አትልም፤ የሴት ጠረን የኮርማውን ወኔ ይሰልባል ይባላል። ሺቫቺም ትራክተር ከሚባለው ጥቁር ኮርማው ጋር ሁለት ወር ሙሉ በረት አደረ። ከግጥሚያው ማግስት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወደ ሐኪም የሮጠው ያንን ቀን ፈርቶ ነው። ለሙሆንጃ ሊነግራት ቋምጦ ነበር፣ ግን ይህ በአጥር ማዶ ለማዶ እየተጯጯሁ የሚያወሩት ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ኢሱኩቲ የሚሉት ከበሮ ተመታ። ሺቫቺ ታምሜያለሁ ብሎ ኮርማውን ሊካንጋ እንዲይዝለት ለመነ። ሊካንጋም ገመዱን ተቀብሎ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመድ ትራክተር በቀንዱ ጎኑን ብሎ አጥሩ ላይ ወረወረው።

«አንተን ካልሆነ ማንንም አይሰማም። ተነስ፣ አታሾፍብን» አለ ሊካንጋ የተቀደደ ሸሚዙን እያየ።

ሺቫቺ ሮጠ። ቅርንጫፍና ዱላ የያዘው ወንድ ሁሉ ከኋላው ይጨፍራል። ገና ወንዙን ሳይሻገሩ ብሽሽቱ ላይ የሆነ ነገር ተተረተረ። ሙቅ ነገር በጭኑ ላይ ሲወርድ ተሰማው። ሕመሙ ከታች ተነስቶ እስከ ጉሮሮው ደረሰ፣ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ።

ሜዳው ላይ ዳኛው የሚሉት የማዶው መንደር ኮርማ መሬቱን በሰኮናው እየቆፈረ ይጠብቃል። ሁለቱ ሲገናኙ የግንባራቸው አጥንት ድምፅ ከበሮውን አስረሳ። ዳኛው ቀንዱን ትራክተር አንገት ሥር ሰክቶ ወደ ላይ ቀደደው። ትራክተርም የዳኛውን አንድ ዓይን አፈሰሰው። የሁለቱም ደም ከአረፋቸው ጋር ተመልካቹ ላይ ይረጭ ጀመር። በዚህ ጊዜ የኮርማው ጌታ ከጎኑ ሆኖ እየጮኸ፣ ታፋውን እየመታ ልብ ሊሰጠው ይገባል። ሺቫቺ ሊጮህ አፉን ከፈተ፣ ግን ቁስሉን በእጁ ይዞ ተንበረከከ። ትራክተር የለመደውን ድምፅ ቢያጣ ዞረና ፈረጠጠ። አንድ ጎልማሳ ረግጦ እግሩን ሰብሮ በሸንኮራው እርሻ ውስጥ ጠፋ።

የማዶዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሊካንጋ ወንድሙን ፀጉሩን ይዞ አነሳው።

«ምን ሆነህ ነው እንደ አራስ የምትራመደው?»

መልስ አልጠበቀም፣ ሱሪውን ቁልቁል ሳበው። በደም የራሰውን ፋሻ ሁሉም አየ።

«ጋሼ፣ ላስረዳህ» አለ ሺቫቺ። «ሐኪም ነው። እኔው ራሴ ፈልጌ ነው። ሙሆንጃ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።»

«ልጅ እንዳትወልድ ተቆረጥክ?»

«አዎ።»

«ሰንጋ» አለ ሊካንጋ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ኮርማችን ለምን እንደ ሸሸ አያችሁ? ሰንጋ ነው ሲነዳው የከረመው!»

የመጀመሪያው ዱላ አፉ ላይ አረፈ። ሺቫቺ ሁለት ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሁለተኛው ጎኑን መታው፣ ከዚያ በኋላ ማን የት እንደሚመታው መለየት አቆመ። አብረውት ያደጉ፣ ቤቱን ሲሠራ ጭቃ ያቦኩለት ሰዎች ናቸው የሚረግጡት። አንዱ ሆን ብሎ ቁስሉን እየፈለገ በጫማው ይለዋል። ሺቫቺን ከዱላው ሁሉ ይልቅ ይህ ሰውዬ አሳዘነው።

«የአባታችንን ቤት ዘጋህብኝ» አለ ሊካንጋ። እያለቀሰ ነበር። ከአንዱ እጅ ገጀራ ነጠቀ። «እግሩን ያዙልኝ። ሐኪሙ የጀመረውን እኔ ልጨርሰው።»

አራት ሆነው እግሩን ከፍተው ያዙት።

ሴት በማትገባበት ሜዳ፣ ከዳር ሆና ጩኸቱን የሰማችው ሙሆንጃ ወንዶቹን እየገፋች መጣች። አንዱ በጥፊ መታት፣ ወድቃ ተነሳች። መጥታ ገጀራውና ባሏ መካከል ቆመች።

«እርጉዝ ነኝ» አለች።

ሊካንጋ ገጀራውን እንዳነሳ ቀረ። «የማን?»

«የእሱ ነዋ። በረት ሳይገባ በፊት ነው፣ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም፣ ወንድ ሳይሆን አይቀርም።»

እግሩን የያዙት ለቀቁት። ሊካንጋ ገጀራውን ጥሎ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከበሮው ወዲያው ተመታ። በእነዚያው በደበደቡት እጆች ሺቫቺን ከመሬት አንስተው፣ ሱሪውን አስታጥቀው፣ ትከሻቸው ላይ አወጡት።

ሺቫቺ ከላይ ሆኖ ሚስቱን ይፈልጋል። ከትከሻ ለትከሻ ሲቀባበሉት አጠገቧ ደረሰ።

«ውሸቴን ነው በይኝ» አላት፣ በደም በተሞላ አፉ።

«እውነቴን ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የት አግኝቼህ? በረት ነበርክ።»

አዋላጇ ያለችውን ሁለቱም ያውቃሉ። ሙሆንጃ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ከጭፈራው ኋላ ቀረች። ሺቫቺ እንደተሸከሙት ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ጀመረ። ሊካንጋ የደስታ መስሎት በተቀደደው ሸሚዙ እጅጌ እንባውን ጠረገለት።