እስከ ሰባት ሰዓት ያለው ተራ

ተራዬ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ነው። አውቶቡሱ ሰባት ከሠላሳ አምስት ላይ ያልፋል። በመሃል ሠላሳ አምስት ደቂቃ አለ። ይበቃል ብዬ ነበር።

የኛ የባሕር ዳርቻ ትንሽ ነው። እዚህ ጫፍ ያሳለ ሰው፣ ወሬው እዚያ ጫፍ ሲደርስ የሳንባ ምች ይዞታል። ፊት ለፊት የተደረደረው ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚያስቀረው ውሃው የሳፋ ውሃ ነው። ሰው ልጆቹን ይዞ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ሻወር አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ጋሽ ሺገዞ የተፈጨ በረዶ በሽሮፕ የሚሸጡባት ጎጆ አለች። በቃ። የሰፈሩ ማኅበር ጠባቂ የሚቀጥርበት አቅም ስለሌለው የምንጠብቀው እኛ እናቶቹ ነን፣ በተራ።

ድንኳን ሥር ትቀመጫለሽ። ክንድሽ ላይ ቢጫ ጨርቅ፣ አንገትሽ ላይ ፊሽካ። በየሰዓቱ ትነፊና ልጆቹ ወጥተው ዐሥር ደቂቃ ያርፋሉ። ነጭ ባንዲራ ካለ ይዋኛል። ቀይ ካለ ማንም አይገባም፤ ቀይ አንዴ ከተሰቀለ ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት አይወርድም።

ጨርቁ የሚሄደው ከክንድ ወደ ክንድ ነው። ወንበር ላይ ጥለሽው አትሄጂም። የተቀበለችው ኃላፊ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ልጅ እግሩን የዛጎል ስባሪ ቆርጦት ሦስት ቦታ ተሰፋ። ልጁ አሁን ባንክ ይሠራል። ያን ቀን ጨርቁን ያሰረችው ሴትዮ ግን እስከ ዛሬ ስሟ ሲነሣ "እህ… እሷ" ትባላለች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ማትሱኤ ከተማ ቀጠሮ አለኝ። የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ የወጥ ቤት ሥራ። ለሠራተኛ ቤት ይሰጣሉ። አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ ለእኔና ለልጄ ለኮሃሩ። ሌላ አመልካች አለች ብለውኛል፤ ዛሬ ካልመጣሁ ቦታው የሷ ነው። የሚቀጥለው አውቶቡስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

አማቴ እማማ ፉሳኤ አያውቁም። ለኮሃሩ ጫማ ልንገዛ እንሄዳለን ነው ያልኳቸው። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ሦስቱንም ዓመት በእናቱ ቤት፣ በእናቱ ሰዓት። ገላዬን የምታጠበው እሳቸው ከመታጠቢያው ከወጡ በኋላ ነው። የምተኛው እሳቸው መብራት ሲያጠፉ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ተረካቢዬ ታዙኮ አልመጣችም።

ሰባት ከአምስት። እኛ ሰፈር አምስት ደቂቃ የሚያረፍድ ሰው ቤቱ ሬሳ አለ ማለት ነው።

ተነሣሁ። ዓይኔን ከውሃው ሳልነቅል ቅርብ ወዳለው ምንጣፍ ሄድኩ። ሳዮ ናት፤ ጎረቤታችን። ሁለት ልጆቿ በተነፋ ጎማ ላይ ተንሳፈዋል።

"ሳዮ፣ ጨርቁን ትይዥልኛለሽ? ታዙኮ እስክትመጣ።"

"ውይ፣ ብይዝልሽ ደስታዬ ነበር። ግን ዓይኔ ሩቅ አያይም።"

"መነፅር አድርገሻል እኮ።"

"እሱ ለቅርብ ነው።" ሐብሐብ ቆርጣ ሰጠችኝ። "ብዪ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው።"

ቀጥሎ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የተቀመጡትን አባባ ኩራሞቶን ለመንኩ።

"የምትሄጂው ሐኪም ቤት ነው?"

"አይደለም አባባ።"

"ቀብር?"

"አይደለም።"

"እንግዲያማ ይደርሳል። ምን ያስቸኩልሻል?" የተጠበሰ በቆሎ አስያዙኝ።

ጋሽ ሺገዞ ጎጆ ደረስኩ። ማሽናቸውን እየጠመዘዙ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎስ?"

"እኔ? በረዶዬን ማን ይጠብቅልኛል? ልጅ ቢሰምጥ አንቺ ትጠየቂያለሽ። በረዶ ቢቀልጥ ማን ይጠየቅልኛል?"

"ሠላሳ ደቂቃ ነው።"

"በረዶ ሠላሳ ደቂቃ አይፈልግም፤ አምስት ይበቃዋል።" ቀይ ሽሮፕ ያፈሰሱበት አንድ ኩባያ ሞልተው ሰጡኝ። "የፉሳኤ ምራት አይደለሽ? በነፃ ነው።"

በአንድ እጄ ሐብሐብና በቆሎ፣ በሌላው በረዶ። ጨርቁ ክንዴ ላይ ነው። ለምን እንደምሄድ ብናገር አንዷ ትቀበለኝ ይሆናል። ግን እዚህ የተነገረ ነገር ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ሥራውን ካላገኘሁ ደግሞ ማታ የምመለሰው እዚያው ቤት ነው።

ድንኳኑ ሥር ገብቼ ታዙኮ ጋ ደወልኩ።

"እንዴ፣ ምነው? አንቺ አይደለሽ እንዴ ቀኑን ሙሉ እኔ ልጠብቅ ያልሽው?" አለች።

"ማን ነው ያለው?"

"አማትሽ። ትናንት አመሻሹ ላይ ደጃፌ መጡ። ደርዘን ቲማቲም ይዘው። ‘ምራቴ ባሕሩን ሳታየው በጋው ሊያልቅባት ነው፤ እባክሽ ተራሽን ስጫት’ አሉኝ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ለመኑኝ እኮ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው። እንዴት እምቢ ልበል?"

"ገባኝ።"

"ልምጣ እንዴ? ፀጉሬን ቀለም ተቀብቻለሁ፣ ገና አርባ ደቂቃ…"

"ተይው።"

ስልኩን ዘጋሁ። በረዶው ኩባያው ውስጥ ውሃ ሆኗል።

አማቴ በሰባት ከዐሥራ ስምንት መጡ። ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ምሳ በጨርቅ ቋጥረው። አጠገቤ ተቀመጡ።

"ሙቀቱ በዛብሽ?"

"ታዙኮን ተራሽን ስጫት ብለዋታል።"

ቋጠሮውን ፈቱ። "የኮመጠጠ ፕሪም የገባበት ድቡልቡል ሩዝ ነው። ብዪ፣ በዚህ ሙቀት ይበላሻል።"

"እማማ።"

"የማትሱኤው ፖስታ እርጥብ ነበር" አሉ፣ ባሕሩን እያዩ። "እንዲደርቅ ብዬ ነው የከፈትኩት።"

"ሳምንቱን ሙሉ አልዘነበም።"

"ጤዛ አለ።"

ልጆች ውሃ ይረጫጫሉ። ኮሃሩ ከድንጋዮቹ አጠገብ ጓደኛዋን ውሃ ውስጥ እየደፈቀች ትስቃለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንደ አባቷ ጆሮዋ ገልበጥ ያለ ነው። አማቴም የሚያዩት እሷን ነበር።

"አራተኛ ፎቅ ይላል ደብዳቤው" አሉ። "ሙታን ወደየቤታቸው የሚመለሱበት በዓል አራት ቀን ቀረው። ልጄ ይመጣል። በሩ ላይ እሳት አንድደን ነው መንገዱን የምናሳየው። አራተኛ ፎቅ ላይ የት ልታነጂለት ነው?"

"የሚመጣው እርስዎ ቤት ነው።"

"እኔን ሊያይ አይደለም የሚመጣው። እኔን ሠላሳ ስድስት ዓመት አይቶኛል።"

እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት አፌን ዘግቼ የኖርኩት። ቢጮኹ እጮኽ ነበር፤ እሳቸው ግን አይጮኹም። ሩዝ ነው የሚያጎርሱኝ።

"ለበዓሉ እንመጣለን" አልኩ።

"እንግዳ ሆናችሁ።"

"አዎ።"

ሰባት ከሃያ ሁለት።

"እንግዲያው ጨርቁን ይያዙልኝ።"

"ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ አይይዝም። የማኅበሩ ደንብ ነው።"

"ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት።"

"ለዚህ ነው የማውቀው።"

ተነሣሁ። ቀዩ ባንዲራ ከወንበሩ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው። እጥፋቱ አልተፈታም፤ ዘንድሮ ማንም አልነካውም። ነጩን አወረድኩ። ቀዩን ሰቀልኩ። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ረጅም ነፋሁ።

ሁሉም ወጡ። ለምን ያለ የለም። አባቶች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ሳዮ ሁለቱን ጎማዎች እየጎተተች፣ አባባ ኩራሞቶ ሱሪያቸውን ሰብስበው። ሠላሳ ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ። አንድ ሕፃን ብቻ አለቀሰ፤ እናቱ አፉን ያዘችው። ፎጣቸውን ለብሰው በየምንጣፋቸው ቁጭ አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ጋሽ ሺገዞ ከጎጆአቸው አንገታቸውን አወጡ። "ምን ታየ?"

"ምንም።"

"እሱ ነው የሚያስፈራው" ብለው ተመለሱ።

"ማዕበል የለም" አሉ አማቴ።

"የለም።"

"የሚናደፈው ጄሊፊሽም ገና አልመጣም።"

"አልመጣም።"

"ሰዎቹ አንድ ቀን እረፍት አግኝተው የመጡ ናቸው። ምን እላቸዋለሁ?"

"ምራቴ ሥራ ልትጠይቅ ማትሱኤ ሄደች ይበሏቸው። ቤትም እንደሚሰጡ ይንገሯቸው።"

ድምፄን አልቀነስኩም። ሳዮ ከምንጣፏ ቀና ብላ አየችን። ከሩቅ።

ጨርቁን ፈታሁና ዘረጋሁላቸው። ውሃው ውስጥ ማንም የለም፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም የለም። ተቀበሉኝ። በሁለት እጃቸው፣ እንደ ደንቡ።

ኮሃሩ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ መጣች።

"አሁን ገና ገባሁ እኮ።"

"ቀሚስሽን ልበሺ። አውቶቡስ አለብን።"

"ከነርጥቤ?"

"ከነርጥብሽ።"

"አያቴስ?"

"አያትሽ ይቆያሉ።"

አያቷ የሩዙን ቋጠሮ መልሰው አስረው ሰጧት። "ለመንገድ" አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ቦርሳዬን አንሥቼ የልጄን እጅ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ጫማዬ አሸዋ ነው። ሸሚዜ ላይ ቀይ ሽሮፕ ፈሷል። እንዲህ ሆኜ ነው ሥራ የምጠይቀው።

አውቶቡሱ ቀድሞ ደርሶ ቆሟል። ባዶ ነው። ሰባት ከሠላሳ አንድ። ከኋላ ተቀመጥን።

"ሹፌር፣ መሄድ አይቻልም?"

"መነሻዬ ሠላሳ አምስት ነው እመቤት።"

"ሌላ ሰው የለም እኮ።"

"ሊመጣ ይችላል" አለ።

ከመስኮቱ ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ያን ያህል ትንሽ ነው። አማቴ ጃንጥላቸውን አጥፈው ድንኳኑ ጥግ አስደገፉት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ምንጣፍ ሄዱ። ቆሙ። ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ በጣም ዝቅ፣ እስኪበቃ። ሳዮ ደንግጣ ተነሥታ ከሳቸው በታች ጎንበስ አለች። እሳቸው ደግሞ ከሷ በታች። ወደ ሁለተኛው ምንጣፍ ሄዱ። እንደገና።

ኮሃሩ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

"አያቴ ምን እያለች ነው?"

"ይቅርታ እየጠየቁ ነው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ እኛ።"

"እኛ ምን አደረግን?"

ሦስተኛው ምንጣፍ። አባባ ኩራሞቶ ለመነሣት ይታገላሉ፤ አማቴ ጎንበስ እንዳሉ ይጠብቋቸዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዐሥራ አንድ ምንጣፍ ቆጠርኩ። ሁሉም ጋ እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ አንድም አያልፉም። ብወርድ፣ እሳቸው አጠገብ ጎንበስ ብል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል። ማታ ገላዬን እሳቸው ከወጡ በኋላ እታጠባለሁ። ማንም ስሜን አያነሣም።

በሩ ክፍት ነው። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል።

"እማዬ፣ ራበኝ።"

"ብዪ።"

ቋጠሮውን ፈታችው። ሦስት ድቡልቡል ሩዝ አለ። ለእሷ፣ ለእኔ፣ አንድ ደግሞ ትርፍ። አማቴ ሲያሰናዱት ሦስታችን አብረን ልንበላው ነበር።

አራተኛው ምንጣፍ። አምስተኛው።

መቀመጫውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ሠላሳ አምስት ሲሆን ሹፌሩ በሩን ዘጋ።