ፔዳል የሚረግጥ ሰው

ልብስ ሰፊው ፍሬኑን ከነዘይት ቱቦው በገዛ እጁ ከለወጠ ወዲህ መኪናው ሰፈሩን በጩኸት ያውከው ጀመር። ገና ከግቢ ሲወጣ ሲጢጥ ይላል፤ ጥግ ሲዞር ያፏጫል፤ ጥቂት ሲሄድ ደግሞ ከኋላ ሰው የያዘው ይመስል ይከብዳል። ሰፊው ወርዶ የፊት ጎማዎቹን ሲነካ ብረታቸው እንደ ካውያ ያቃጥላል። ጋራዥ ውሰደው ቢሉት አይሰማም። ኮት ሰፍቶ፣ ሱሪ አሳጥሮ ቤት የሠራና ልጅ የዳረ ሰው ለጥቂት ብሎን ብሎ ማንን ይለማመጣል? እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሱን ያስዋጠው ፍሬን ነው።

ነገሩ ግን የመኪና ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ልጃቸው ስትወልድ፣ ለጥቂት ሳምንት ላርሳት ብላ ልጅቱ ወዳለችበት ከተማ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ሕፃኑ ያኔ አንገቱ እንኳ አልጠናም ነበር፤ አሁን ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ሰፊው በስልክ፣ «መኪናው ይጠገን እንጂ መጥቼ እወስድሻለሁ» ይላታል። እሷም፣ «በል መጀመሪያ መኪናህን ጠግን» ትለዋለች። ይቺን መልስ እንደ እሺታ ቆጥሯት ነበር። ሰው የፈለገውን ለመስማት ጆሮ አያንሰውም።

ስለዚህ ስፌቱን አስቀምጦ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። የፍሬን ሸራውን አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። የሚንሸራተተውን ሁሉ ግራሶ ቀባው። ገጠመው፤ ጮኸ። ግራና ቀኙን አቀያይሬው ይሆናል ብሎ እንደገና ፈታው፤ አልተቀያየረም። ምሳውን ቆሞ ከድስቱ በማንኪያ ይበላል፤ ለአንድ ሰው ብሎ ሳህን ማጠብ ትቷል። ከመኪናው ጋርም ማውራት ጀምሯል። «ምን ሆነህ ነው አንተ?» ይለዋል። መኪናው አይመልስለትም፤ ቤት ውስጥም የሚመልስለት የለም።

አንድ ቀን ከጎማው የተቃጠለ ነገር ሲሸተው ፈራ። ወዶ ሳይሆን ተገዶ በመንገዱ ጥግ የሚሠራውን መካኒክ ጠራ። መካኒኩ ቀልደኛ ነው፤ ከመኪና ሥር ሲገባ ሆዱ መጨረሻ ነው የሚገባው። ዛሬ ግን መግባት አላስፈለገውም። የሾፌሩን በር ከፍቶ ፔዳሉን በእጁ ጫን ለቀቅ አደረገው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፔዳል ትንሽ እንኳ አይላላም። ከኋላው ያለውን ዘንግ ነካክተውታል እንዴ?»

«አስረዝሜዋለሁ» አለ ሰፊው። «ስረግጠው ወለሉ ድረስ ይወርድብኝ ነበር። ያጠረ ነገር ማስረዘም ደግሞ ሥራዬ ነው።»

መካኒኩ ሳቀ። «ይሄ እኮ የሱሪ እግር አይደለም። ዘንጉ ሲረዝም እርስዎ እግርዎን ቢያነሱም ዘይቱ መመለሻ ያጣል፤ ፍሬኑ ጎማውን አንቆ ይቀራል። የሚጎተተውም፣ የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ፔዳሉ መጀመሪያ የወረደው የዘይት ቱቦውን ሲለውጡ አየር ስለገባ ነው። ለመሆኑ አየሩን ሲያስወጡ ፔዳል ማን ረገጠልዎ?»

ሰፊው የጨርቅ መለኪያውን እንጨት አመጣና አሳየው። እንጨቱን በወንበሩና በፔዳሉ መካከል ወትፎ ወደ ጎማው ይሮጣል፤ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ሲከፍት እንጨቱ ይንሸራተታል፤ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ሊሠራ ሲዳክር ነው የከረመው።

«ምነው ቢጠሩኝ?» አለ መካኒኩ፣ ሳቁን ትቶ።

«ድሮ የምትረግጠው ሚስቴ ነበረች።»

መካኒኩ ዘንጉን ወደ ልኩ መለሰው። «በሉ ዛሬ እርስዎ ገብተው ይርገጡ፤ እኔ ጎማው ጋ ነኝ» አለው።

ሰፊው ፍሬን ሲሠራ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከዚያ ሆነው ምንም አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። «ይርገጡ።» ረገጠ። «ይያዙት።» ያዘ። «ይልቀቁ።» ለቀቀ። ደግሞ፣ «ይርገጡ።» ሲቆይ ባቱ ደነዘዘ። ደከመህ ወይ የሚለው የለም፤ ስንት እንደቀረም የሚነግረው የለም። ይሄ መካኒክ እንኳ አንቱ እያለ ነው የሚያዘው። እሱ ግን «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ አልኩሽ እኮ!» ሲል ጎረቤት ይሰማው ነበር። ቤት ሲገቡስ? አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊው። አብረው ባረጁበት ቤት ከዚህ ሌላ ምን እንዳወራት ሊያስታውስ ሞከረ። እምብዛም አልመጣለትም። ብቻውን መሆኑ እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

«ይያዙት እንጂ ጋሼ» አለ መካኒኩ።

ሲጨርሱ አብረው ነዱት። አይጮኽም፤ አይጎተትም፤ ጎማውም ለብ ከማለት አላለፈም። መካኒኩ «እንግዲህ አገር ያቋርጡበት» ብሎ ሄደ። ሰፊው መደሰት ነበረበት፤ አልተደሰተም። እስከ ዛሬ ያልሄደው በፍሬኑ አሳቦ ነበር። አሁን ማሳበቢያው አለቀ። ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

«መኪናው ዳነ።»

«እሰይ» አለች ሚስቱ። «ፔዳሉን ማን ረገጠልህ?»

«እኔው ራሴ። መካኒኩ ከታች ሆኖ ያዝዘኝ ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እንዴት ነው ታዲያ?»

«እግር ያማል» አለ ሰፊው። «ደግሞም ማንም አያናግርሽም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ልብስሽን ሸክፊ፣ ነገ እመጣለሁ» ይላት ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አላት።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ንገሪኝ።»

መጀመሪያ እየፈራች፣ በኋላ እየሞቃት ነገረችው። ሕፃኑ ጥርስ አብቅሏል። ከመስኮቱ ሥር ሽንኩርት ተክላለች። ጠዋት ጠዋት አብራት ገበያ የምትሄድ ጎረቤት አግኝታለች፤ ሴትዮዋ አፏ አያርፍም፣ በሳቅ ትገድላታለች። ሰፊው ጣልቃ ሳይገባ አዳመጠ። ሚስቱ እንግድነት የሄደችበትን ቤት ሳይሆን የምትኖርበትን ቤት እያወራችለት እንደሆነ ገባው።

«ነገ ና» አለችው በመጨረሻ። «መጥተህ እየን። አብረሽኝ ተመለሺ ግን አትበለኝ። እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ ካልከኝ ግን እምቢ እላለሁ።»

«አልልሽም።»

«የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው» አለ ሰፊው። «ይልቅ የጎረቤትሽን ነገር ጨርሺልኝ።»

በማግስቱ ማለዳ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሲመለስም ባዶ እንደሚሆን እያወቀ ነዳ።