አያት ተሳፋሪ ናት ወይ?

እማማ የአውቶቡሱን መስመር ነገር ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ሬድዮው፣ ሰው በስልክ የሚጠራቸው የኪራይ መኪናዎች ከሰኞ ጀምሮ በአውቶቡስ መስመር እንዲሄዱ ተፈቅዷል አለ። ጎረቤታቸው ጡረተኛው መምህር ደግሞ «ተሳፋሪ ከያዙ ብቻ ነው» አሏቸው። የመምህሩ ሚስት «የለም፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው» አለች። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ጭራሽ «ሊፈቀድ ነው እንጂ መች ተፈቀደ?» ብሎ አረፈው። እማማ ሁሉንም አመኑ። ሁሉንም በማመናቸውም ራሳቸው ዞረ።

የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ይተዉት ነበር። ነገር ግን እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእጃቸው ያደገችው የልጅ ልጃቸው፣ ሚጢ፣ የምትነዳው ይህንኑ የኪራይ መኪና ነው። ከዚህ በፊት መስመር ጥሰሻል ተብላ ሁለቴ ተመዝግቦባታል። አሁን ቢደገም መንጃ ፈቃዷ ለዓመት ይያዛል። መንጃ ፈቃዷ ተያዘ ማለት ደግሞ የቤቱ እጅና እግር ታሰረ ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት እማማ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸውና ሚጢ ራሷ ልታደርሳቸው መኪናዋን አስነሳች። እማማ ከፊት፣ ከጎኗ ተቀመጡ። ከኋላ ከተቀመጡ መንገዱን ማን ያይላታል? እርግጥ ሐኪም ጋ የሚሄዱት ግራ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ነው፤ ቢሆንም በቀኙ ያዩላታል።

ትልቁ መንገድ ላይ ሲደርሱ መኪናው ሁሉ እንደ ግድግዳ ተገትሯል። በቀኝ በኩል ያለው የአውቶቡስ መስመር ግን ወለል ያለ ባዶ ነው። ሚጢ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች።

«ኧረ ሚጢ! ኧረ የት ልትገቢ ነው?»

«ተፈቅዷል እኮ እማማ፣ ተሳፋሪ እስከያዝኩ ድረስ።»

«የታለ ተሳፋሪው?»

«አንቺስ ምንድን ነሽ?»

እማማን በዕድሜያቸው ሰው ብዙ ነገር ብሏቸዋል፤ ተሳፋሪ ብሏቸው ግን አያውቅም።

መስመሩን ከሌላው መንገድ የሚለየው ወገብ የሚደርስ ግንብ ነው። አንዴ ከተገባ ከፊት ያለው ድልድይ እስኪያልቅ መውጫ የለውም። ብዙም ሳይርቁ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«መንጃ ፈቃድ።»

ሚጢ ሰጠችውና «ተሳፋሪ ይዣለሁ» አለች።

ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ይሄኔ እማማ ለልጅቷ ይበጃታል ያሉትን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፉት። «የኔ ልጅ፣ አያቷ ነኝ! እናት የላትም፣ በዚህ በእጄ ነው ያሳደግኳት። ስትነዳም ቀስ ብላ ነው። ምነው እኔን ቁርጥ ባረገኝ፣ ለኔ ብላ ነው የገባችው!»

ሚጢ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች።

«አያቷ ነዎት?» አለ ትራፊኩ።

«ታዲያስ! አፍንጫዋን አታይም?»

«እንግዲያው ተሳፋሪ አይደሉማ።»

«እንዴት አልሆንም? መኪና ውስጥ ተቀምጬ የለም እንዴ?»

«ተቀምጠዋል እናቴ። ግን ተሳፋሪ ማለት መኪናውን የጠራ ሰው ነው።»

«እኔም ጠርቻታለሁ! ‹ሚጢ ነይ፣ ረፈደ› ብዬ፣ ከጓዳ።»

ትራፊኩ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። መንጃ ፈቃዱን በሁለት ጣቶቹ እንደያዘ የእጅ ሬድዮውን አፉ ጋ አስጠጋ።

«አለቃ፣ ዘመድ ተሳፋሪ ነው ወይ?»

«ምን?»

«ዘመድ። አያት።»

«የማን አያት?»

«የሹፌሯ።»

«ሹፌሯ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም! አያቷን ይዛ የአውቶቡስ መስመር ገብታ ነው።»

ሬድዮው ለጥቂት ጊዜ ሽሽሽ ሲል ቆየ። «መመሪያው ስለ አያት የሚለው ነገር የለም። ቆይ ልጠይቅ።»

ከኋላቸው አንድ አውቶቡስ ቆሟል። ከሱም ኋላ ሌላ። ክላክሱ አካባቢውን አደበላለቀው። የፊተኛው ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ስብሰባ ነው እንዴ ጋሼ ትራፊክ? ከሆነ ለኛም ወንበር አምጡልን!» አለ። ከመስኮት አንዲት ሴትዮ ጮኸች፤ «ድሮም እነዚህን ያስገባ ነው ጥፋተኛው! ሥራ ረፈደብኝ!»

እማማ ሴትዮዋ እውነቷን እንደሆነ ታያቸው። እሳቸውም ስንት ዘመን በአውቶቡስ ሲመላለሱ በየቤት መኪናው ሲያማርሩ ኖረዋል። ሚጢም እውነቷን ነው፣ ተፈቅዷል ተብላ ነው የገባችው። ወጣቱ ትራፊክም ቢሆን ሥራው ነው። የሚቆጡት ሰው ፈልገው አጡ። ደህና የሆነችው አንድ ዓይናቸው እዚያች የመንጃ ፈቃድ ካርድ ላይ ተተክላ ቀረች።

«አለቃ፣ ልክሰሳት ወይስ ልተዋት?»

«የጠየቅኩት ሰውዬ እሱም ሊጠይቅ ሄዷል። አንተ መንገዱን ክፈት።»

«ስለ ክሱ ግን—»

«መንገዱን ክፈት አልኩህ!»

ትራፊኩ መንጃ ፈቃዱን መለሰላት። «ሂጂ፣ እኔ አላውቅም። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ባልደረባዬ ግን እንደኔ አትጠይቅም፣ ትጽፋለች። እናቴ፣ ለማንኛውም ከኋላ ይቀመጡ። ከፊት ሲያይዎት ሁሉም ሰው ቤተሰብ ነው የሚልዎት።»

እማማ ወርደው ከኋላ ገቡ። እዚያ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። የማያውቁት ሰው ሽቶ ይሸታል። የሚታያቸው የሚጢ ማጅራት ብቻ ነው፣ እሱም እንደ እንጨት ደርቋል።

«ቀስ በይ ሚጢ፣ ድልድዩ ጠባብ ነው።»

«እማማ፣ ተሳፋሪ ሹፌር አይመክርም።»

«የማይመክር ተሳፋሪ የት አይተሻል?»

«እሺ፣ ምከሪኝ። አያቷ ነኝ እንዳትዪ ብቻ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ምንም አትበይ።»

ከድልድዩ ማዶ ያቺ የተባለችው ረጅም ሴት ትራፊክ አስቆመቻቸው። መንጃ ፈቃዱን ተቀብላ ስልኳ ላይ ቁጥሩን መታችና «ሁለት ጊዜ ተመዝግቦብሻል። አንድ ነው የቀረሽ» አለች። ትራፊኳ ወደ ኋላ መስኮት ዞረች።

«ደህና አደሩ እናቴ? ወዴት ነው?»

«ሐኪም ቤት።»

«ሹፌሯ ልጅዎ ናት?»

ምንም አትበይ ተብለዋል። ግን የጠየቀ ሰው ፊት ምንም ሳይሉ እንዴት ይሆናል? እማማ ያን ማጅራት አዩት። ስንት ጊዜ ያጠቡት፣ ጉንፋን እንዳይመታው ስንቴ የጠቀለሉት ማጅራት ነው።

«አላውቃትም» አሉ። እሱ ያነሰ መሰላቸውና ጨመሩበት። «አይቻትም አላውቅ።»

«እለፊ» አለች ትራፊኳ፣ ካርዱን ለሚጢ እየመለሰች።

ግንቡ አልቆ ወደ ሰፊው መንገድ ሲወጡ የሚጢ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማማ የምታለቅስ መሰላቸው። «ሚጢዬ? እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው…»

ሚጢ ግን እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነው። «አይተሽኝ አታውቂም? ሽንት ጨርቄን ሲያጥብ የከረመው ማነው ታዲያ?»

«ዝም በይ፣ መንገድሽን እዪ!»

እማማ አልሳቁም። መንጃ ፈቃዱ እንዲተርፍ ፈልገው ነበር፣ ተርፏል። ታዲያ ልባቸው እንደ ሌባ ልብ የሚደልቀው ለምንድን ነው? ስህተቱ አያቷ ነኝ ማለታቸው ነው፣ ወይስ አላውቃትም ማለታቸው? ቢያገላብጡት መልስ የለውም። የትራፊኩ አለቃም ቢጠየቅ ሊጠይቅ መሄዱ ነው።

ሐኪም ቤቱ ደርሰው መዝገብ ቤት መስኮት ፊት ቆሙ። ሚጢ የእማማን ክንድ ይዛለች። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀች፤ «አብራዎት የመጣችው ምንዎ ናት?»

እማማ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። በሩ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መኖር አለመኖሩን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ሚጢ ጆሮ ተጠግተው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«እዚህስ ተፈቅዷል?»