የጓድ መኳንንት መንጃ ፈቃድ

መኳንንት! የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ ስሙን ስጠራው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በ1970 ባለቤቴን ፈቀደን ቀራንዮ ላይ አስቁሞ ታክሲውን ነጠቀው። ምክንያቱስ? ሊብሬው ላይ ከሞተሩ ቁጥር አንዷ ተሳስታለች። «የጸሐፊው ስህተት ነው፣ ጓድ፤ ልጆቼን የማበላው በሷ ነው» ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ቁጥር ቁጥር ነው!» አለና ቁልፉን ተቀበለው።

ከዚያ ወዲያ ራሱ ይንፈላሰስባት ጀመር። ፈቀደ በብስጭት ታሞ ዓመት እንኳ አልቆየ።

እኔ ልጆቼን ላሳድግ ታይፕ ተምሬ አየር ጤና አንድ የትርጉም ቤት ተቀጠርኩ። በ1977 ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ራሱ! ለስብሰባ ናይሮቢ ሊሄድ ነው። እዚያ መኪና ተከራይቶ አለቃውን ሞምባሳ ድረስ ሊያንሸራሽር ቃል ገብቷል፤ በዚህች ሽርሽር ሹመት ይጠብቃል።

«መኪና ለመከራየት ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና ማህተም ያረፈበት የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋሉ» አለኝ። አላወቀኝም። ቤቴን አፍርሶ መልኬን እንኳ አያስታውስም፣ የማነው!

«እንዳለ ገልብጪው። አንድ ቁጥር እንዳትነኪ፣ ሰማሽ?»

«እሺ፣ ጓድ።»

መንጃ ፈቃዱ የሚያበቃው ሰኔ 1978 ነው፤ ገና ከዓመት በላይ አለው። ለሌላው ደንበኛ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ 1986 ብዬ ነው የምጽፈው። ለእሱ ግን ያንኑ 1978 መታሁለት። አሠሪዬ እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ማህተማቸውን አሳረፉበት።

ወር ሳይሞላ በሩን በርግዶ ገባ። ናይሮቢ አከራዩ ወረቀቱን አይቶ «ይሄ እኮ ካበቃ ሰባት ዓመቱ ነው» ብሎ ስቆበታል። ያውም አለቃው ሻንጣ ይዞ አጠገቡ ቆሞ! አለቃው አገር ቤት እንደገባ ከሊቀመንበርነት አነሳው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ሠራሽኝ! ለምን አልለወጥሽውም?»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «አንድ ቁጥር እንዳትነኪ ብለውኝ የለ? እኔ የባለታክሲው የፈቀደ ሚስት ነኝ። ቁጥር ቁጥር ነው፣ ጓድ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ ወጣ።

በማግስቱ መድኃኔዓለም ሄጄ ከፈቀደ መቃብር አጠገብ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኩት። ታክሲዋ አልተመለሰችም፤ እሱም አልተነሳ። ደስ አላለኝም ብል ግን ውሸታም ነኝ።