የፊታውራሪ በርኖስና የግድግዳው ወረቀት

ከዓባይ ወዲህ የባምላኩን መቀስ የማያውቅ ሰው አለ ከተባለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ራቁቱን ነው የሚሄደው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮት ለብሶ የተሞሸረ፣ ካባ ደርቦ የቀደሰ፣ ካኪ ለብሶ ጠቅላይ ግዛት ቢሮ ደጅ የጠና ሁሉ በባምላኩ እጅ አልፏል። ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር እንጂ ለክቶበት አያውቅም፤ ለጌጥ ነው። ደንበኛው ከበሩ ገብቶ "እንደምን ዋልክ" ብሎ እስኪጨርስ ባምላኩ ዓይኑን ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንዴ ያወርድና ጉዳዩ አለቀ። ጨርቁን በጀርባው፣ የውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ይዘረጋል፣ በጠመኔ ጫር ጫር ያደርጋል፣ ከዚያ መቀሱን ይለቀዋል። መቀሱ ሲሮጥ ድምፁ አማኑኤል ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር። የአማኑኤል ሰዎች አልሰማንም ቢሉ ጥፋቱ የጆሯቸው ነው።

አካለ ወልድ የመጣው ባምላኩ በዚህ ክብር ላይ ተንሰራፍቶ ሳለ ነው። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ድቁናውን ትቶ ሸዋ ተሻገረ፣ አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ተማረ፣ ተመልሶም ከባምላኩ ሱቅ ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ። ይህስ ይሁን። ነገሩን ያከረረው ወረቀቱ ነው።

አካለ ወልድ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ደንበኛውን እንደ ምሰሶ አቁሞ ከፊትም ከኋላም ይለካዋል። ከዚያ ሰፊ ቡናማ ወረቀት ላይ ሰውየውን በእርሳስ ያወጣዋል፤ ወረቀቱን በልኩ ይቆርጥና ስሙን ጽፎበት ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

"ንድፍ ይባላል" ይላል ፈገግ ብሎ። "ካሁን ወዲያ እርስዎ ባይመጡም ልብስዎ ይሰፋል።"

አገር አበደ! ከመርጡለ ማርያም በበቅሎ መጥቶ፣ ልብስ ሳያሰፋ፣ ወረቀቱን ብቻ አሰቅሎ የተመለሰ ሰው አለ። ጠላ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ "ሂድ ወዲያ፣ ወረቀትህ እንኳ ያልተሰቀለ!" ይባባሉ ጀመር። ባምላኩ በሱቁ ደፍ ላይ ቆሞ ያን ግድግዳ ሲያይ፣ ያ ሁሉ ያለበሰው ሰው ልብሱን አውልቆ ከጠላቱ ጋር የተሰለፈ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ሚስቱ፣ የብርጓል፣ ምሳ እያቀረበች "ሄጄ አየሁት" አለችው።

"ምኑን?"

"ግድግዳውን ነዋ። ፊታውራሪ ታረቀኝም እዚያ ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ወረድ ያለች መሆኗን ታውቅ ነበር? ጠመንጃ ያንጠለጠሉባት ናት አሉ። ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብላለች።"

"ከሹመታቸው በፊት ጀምሬ ያለበስኳቸውን ሰው ትከሻ ከወረቀት ልማር?"

"ኧረ አትቆጣ። ሰውየው ግን ሥራ ያውቃል።"

ፊታውራሪ ታረቀኝ ማለት ቀላል ሰው አይደሉም። እሳቸው የለበሱትን ወንድሞቻቸው ይለብሳሉ፣ ወንድሞቻቸው የለበሱትን ወረዳው ይለብሳል። የባምላኩ ስም የቆመው በእሳቸው ትከሻ ላይ ነው፤ ያች ትከሻ ደግሞ አሁን ከመንገዱ ማዶ በሚስማር ተሰቅላለች።

ጥምቀት ሲቃረብ ፊታውራሪ ራሳቸው መጡ፤ አሽከራቸው ጥቁር ሱፍ ተሸክሟል። እንዲህ ያለ ሱፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወደ ጎጃም አልገባም፤ ዝናብ ቢዘንብበት ዝናቡ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ የሚመለስ ዓይነት ነው።

"ባምላኩ" አሉ፣ "ለጥምቀት በርኖስ እፈልጋለሁ። ያ ልጅ ንድፌን አውጥቷል፣ እሱ ይስፋው ይሉኛል ቤተሰቦቼ። እኔ ግን የድሮ ሰው አልጥልም ብዬ ላንተ አመጣሁት።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። የከተራ ዕለት ጠዋት ሁለታችሁም ግቢዬ ትመጣላችሁ። ለብሼ እቆማለሁ። ከተስማማኝ እንደ ድሮው ነን። ካልተስማማኝ ግን የእኔም የቤተሰቤም ልብስ ካሁን በኋላ ወደ አካለ ወልድ ይሄዳል። እንዳትቀየመኝ።"

ባምላኩ ሱፉን በጀርባው ዘረጋ። ጠመኔውን አነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ ፊታውራሪን ሊያያቸው ሞከረ፤ የመጣለት ግን ያ ቡናማ ወረቀት ነው። ትከሻዋ የምትወርደው ምን ያህል ነው? ስንት ዘመን ያለበሰው ሰው እንግዳ ሆነበት። ጠመኔውን አስቀመጠ። መልሶ አነሳ። መንገዱን ተሻግሮ የአካለ ወልድ የስፌት መኪና ሲያንጎራጉር ይሰማዋል፤ ድምፁ እንኳ ከእሱ መኪና ይልቅ ልስልስ ያለ ነው። "ዘይት አብዝቶበት ነው" አለ ለራሱ።

ሮብ ሲሆን አካለ ወልድ መኪናውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ሮብ ገበያ ሄደ፤ የሲናን ገበሬ ቁምጣውን እዚያው ቆሞ ያሰፋል። የሱቁን በር በገመድ ነው የሚያስረው። ሰውን ያምናል፤ ይህም አንዱ የሚያናድድ ጠባዩ ነው። ባምላኩ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መንገዱን የራሱ እንደሆነ ሁሉ ተራምዶ ገባ። ፊታውራሪን ከሚስማራቸው አወረደና አጥፎ ብብቱ ውስጥ ወሸቃቸው።

ወረቀቱ ግሩም ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረም። የአንገቱ ዙር፣ የደረቱ ስፋት፣ ከቀኝ ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ ብቅ የምትለው የበርኖስ ሹል፣ ሁሉም በቦታው ነው። ባምላኩ ሥራው እንዲህ ማማሩ ከሌባነቱ ይበልጥ አሳፈረው። ጨርቁ እንደ ልማዱ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ወረቀቱን ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ግድግዳው ላይ እንደነበረው፣ አነጠፈበት። በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረና መቀሱን ለቀቀው። በዓይኑ ሲቀድ ቢሆን ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ በልቡ ገልብጦ ነበር የሚያሰምረው፤ ይህን እጁ በእንቅልፉም ያውቀዋል። ያን ዕለት ግን ልቡን ለወረቀቱ አደራ ሰጥቶት ነበር። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወረቀቱ ሚስማሩ ላይ ተመለሰ።

የከተራ ጠዋት የፊታውራሪ ግቢ የሰፈሩን ሰው ችሎ መቆሙ ይገርማል። የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ ሴቶቹ መሐል ቆማለች። አካለ ወልድ ራሱ በሰፋው ግራጫ ኮት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ፈካ ብሎ ይጠብቃል። ፊታውራሪ በርኖሱን ደረቡ።

ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

ሹሏ ግራ ትከሻቸው ላይ ነበረች። ግርጌው ደግሞ በግራ በኩል ተሰቅሎ በቀኝ በኩል መሬት ሊስም ወርዷል፤ ወረድ ያለችው ቀኝ ትከሻቸው ከፍ ባለ ቅድ ውስጥ ጠፍታ፣ ደህናዪቱ ግራ ትከሻ ታንቃ ቀርታለች።

ፊታውራሪ በግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ዳሰሱ። ሹል የለም።

"ባምላኩ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

ከኋላ አንዱ፣ "ሰውየውን በመስታወት አይቶ ነው የሰፋው!" አለ፤ ሳቅ ተነሳ። የብርጓል ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ባሏ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቷታል። ዓይኑን ወደ አካለ ወልድ ሲያዞር፣ ልጁ በርኖሱን ከላይ እስከ ታች እያነበበው ነው። አወቀ። ማወቁን ደግሞ ባምላኩ አወቀ።

"ጌታዬ" አለ አካለ ወልድ ወደፊት ወጣ ብሎ፣ "ጠመንጃዎን ቢያንጠለጥሉበትስ?"

አሽከሩ ጠመንጃውን አቀበላቸው። ፊታውራሪ እንደ ልማዳቸው ወደ ቀኝ ሊወስዱት ሲሉ፣ "በግራ" አለ አካለ ወልድ።

"በግራ? ለምን?"

"ነገ ታቦቱ ሲመለስ ቀኝ እጅዎ ሥራ ይበዛበታል። የካህናቱን መስቀል ሊሳለሙ ነው፣ አገሬው እጅ ሊነሳዎት ነው። ጠመንጃው በቀኝ ከሆነ በየጊዜው እየተንሸራተተ ያስቸግርዎታል። በግራ ሲሆን ሹሏ ማንገቻውን ትይዘዋለች፣ ቀኝዎ ነጻ ነው። ጋሽ ባምላኩ ይህን አስበው ነው። እኔ ብሆን አላስበውም ነበር።"

ፊታውራሪ ጠመንጃውን በግራ አንጠለጠሉ። ክብደቱ ግራ ትከሻቸውን ዝቅ አደረጋት፣ ቀኟ ቀና አለች፣ ግርጌው ሁሉ እንደ ጠጅ ብርሌ አፍ ዙሪያውን እኩል ሆነ። ግቢው ሞቅ አለ።

"በሉ ተመልከቱ!" አሉ ፊታውራሪ፣ ቀኝ እጃቸውን ወዲያ ወዲህ እያወናጨፉ። "ይሄ ነው ልብስ ሰፊ! አካለ ወልድ፣ አንተም ከእሱ ተማር።"

"እማራለሁ ጌታዬ" አለ አካለ ወልድ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ባምላኩ እጅ ነሳ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የጎጃም ጠመንጃ ግማሹ ወደ ግራ ዞሯል። ያልዞረው ግማሽ ባለቤቱ በርኖስ የሌለው ነው።

ከግቢው ሲወጡ አካለ ወልድ በር ላይ ጠበቀው።

"ጋሽ ባምላኩ፣ ወረቀት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሌላ ጊዜ ሲፈልጉ ይንገሩኝ፣ ጠቅልዬ እሰጥዎታለሁ።"

"የምን ወረቀት?"

"እንዲያው ነው። ደግሞ የሚነጠፈው በጨርቁ ፊት በኩል ነው። ጨርቁ በጀርባው ከተዘረጋ ሰውየው ይገለበጣል።"

"አንተ ልጅ፣ ለእኔ?"

"ለእርስዎ ማንም አይነግርዎትም ጋሼ" አለና በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ባምላኩ ሁሉን አሸንፎ ነበር። ደንበኛው አልሄደበትም፣ ስሙም ወደ ሰማይ ተመነጠቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ማዕዱን ገፋው።

"ደግሞ ምን ሆንክ?" አለች የብርጓል። "ልጁ እኮ አዳነህ።"

"ለምን ያድነኛል?"

"እና ቢያዋርድህ ይሻልህ ነበር?"

"ይሻለኝ ነበር! ቢሰድበኝ እሰድበዋለሁ፣ ቢከሰኝ እከራከረዋለሁ። ይሄን አሁን ምን አደርገዋለሁ?" ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ውሸቷን ደግሞ አየሻት? ክር እንኳ አልወጣትም። እዚያው ቆሞ፣ ሳይለካ፣ በዓይኑ ብቻ ነው የሰፋት።"

በማግስቱ ታቦቱ ሲመለስ ፊታውራሪ በግራ ጠመንጃ፣ በቀኝ ሰላምታ፣ ሕዝቡን እየከፈሉ አለፉ። "የባምላኩ ሥራ!" የሚለው ድምፅ ከሆታው በላይ ይሰማል። እሱ ግን ፊታውራሪንም ታቦቱንም አላያቸውም። ሰው ሁሉ ሲያጎነብስ አብሮ አጎነበሰ፣ አንገቱን ግን ጠምዝዞ በሕዝቡ መሐል ያን ግራጫ ኮት ይፈትሻል። የትከሻ ሽብሽብ ፈለገ፣ አጣ። ብብቱ ሥር የተወጠረ ስፌት ፈለገ፣ አጣ። ኮሌታው አንገቱ ላይ እንደ በቀለ ሁሉ ልጥፍ ብሏል።

"እስቲ ዙር" አለ በልቡ፣ ጥርሱን ነክሶ። "ጀርባህን ልየው።"

አካለ ወልድ ከኋላው የጠራውን ሰው ሊያይ ዞረ። ጀርባውም ልክ ነበር።