ለአሮጌው ኤንትሬ የሚሆን ፖምፓ

ሰቆጣ ውስጥ መካኒኩ ገብረ አምላክ ያልሰማውን ሞተር ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ወይ ልጅ ነው ወይ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው ይባላል። ሰውየው ወረቀት አይሰጥም፣ ማኅተም አይመታም። ሞተሩን ያስነሳና የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ከዚያ ቀና ብሎ «ሰምቼዋለሁ» ይላል። በቃ፣ ዋስትናው ይኸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሲናገር አንድም ቀን አላሳፈረውም።

ችግሩ፣ ገብረ አምላክ ከሦስት ዓመት ወዲህ አይሰማም።

መጀመሪያ የግራው ጆሮ ሄደ። መዶሻና ሞተር ሲጮኽበት የኖረ ጆሮ ምን ያድርግ? ቀኙ ደግሞ ብቻውን መቅረት ያስጠላው ይመስል ቀስ እያለ ተከተለው። አሁን ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያወራ ጥቂት ይይዛል፤ የቀረውን ከሰው ከንፈር ይለቅማል። ሞተር ግን ከንፈር የለውም። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለለተጊዮርጊስ እንኳን ሳይተነፍስ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ቀላል ቀላሉን ሥራ ይመርጣል፤ ከበድ ያለ ሲመጣ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ወልድያ ውሰደው» ይላል። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ማድረጉን ግን አልተወም። ለሚጾም ለሚጸልይ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት ምን ያህል እንደሚከብድ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

የሹፌሩ የምሳው መኪና ግን ወልድያ ውሰደው የሚባል አልነበረም፤ መጥቶ የሞተው እዚያው ጋራዡ በር ላይ ነው። ምሳው አርባ ዓመቱ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ አሮጌው ኤንትሬ፣ በዕድሜ ይበልጠዋል። ያለቀው ፖምፓው ነበር፤ ናፍጣውን እየመጠነ ለስድስቱ ሲሊንደሮች በየተራ የሚያድለው። ምሳው ሳምንት ሙሉ ሲዞር ሰንብቶ ሁለት ፖምፓ ይዞ መጣ፤ የሚሆነውን ሊያስቀር፣ ያልሆነውን ሊመልስ። አንዱ ከደሴ የመጣ ነው፤ ተፈትቶ ታድሶ፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሌላው ኮረም ላይ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ዓመታት ከቆመ የዚሁ ዓይነት መኪና የተፈታ ነው፤ አቧራው ላይ የዶሮ ኩስ ደርቆበታል።

በአጥሩ ጥላ ሥር ደግሞ ወደ ቆላው ዝቋላ ወረዳ የሚመለሱ አሥራ አንድ ገበያተኞች ከረጢታቸውን ተደግፈው ሁለተኛ ቀናቸውን ይጠብቃሉ። በዚያ መንገድ ሌላ መኪና የለም። ከመካከላቸው ማንጠግቦሽ የምትባል፣ ሁለት ፍየል የያዘች ሴት፣ በየሰዓቱ እየተነሳች «አሁንስ ደረሰ?» ትላለች። ገብረ አምላክ እነሱን ባየ ቁጥር መንገዱን ያስባል። የዝቋላ ቁልቁለት ለሰውም ለበቅሎም አይመችም። የኤንትሬው ፍሬን የሚይዘው ሞተሩ በሚሞላው አየር ነው፤ ቁልቁለቱ መሐል ሞተሩ ከጠፋ አየሩ ከሁለት ሦስት መታጠፊያ አያልፍም። አሥራ አንድ ሰው ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ።

«እኔስ አያ ገብሬ አረንጓዴውን ወድጄዋለሁ» አለ ምሳው፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባል የለ?»

«ፖምፓ አይበላም» አለ ገብረ አምላክ። ቢሆንም አረንጓዴውን አነሳ። እሱም ሰው ነው፤ ያማረ ነገር ያምረዋል።

እጁና ዓይኑ አልከዱትም። ምልክቱን ከምልክቱ አገናኝቶ አሰረው፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አላልቶ አየሩን አስወጣ፤ መልሶ አጠበቀ። ምሳው አስነሳው። ጢሱ መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ወዲያው ጠራ። ማንጠግቦሽ እልል ስትል አፏ ሲንቀሳቀስ አየ። ካቻቢቴውን አንስቶ ብረቱ ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የለም፤ ዝም ያለ ጨለማ ብቻ። በመዳፉ ሞከረ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ከካቻምና ጀምሮ እጁም ይንቀጠቀጣል። የትኛው መንቀጥቀጥ የማን እንደሆነ መለየት አቃተው።

ዓይኑን ሲገልጥ ምሳው ከመሪው ላይ አንገቱን አውጥቶ ይስቃል። «ሰሙት?»

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጢሱ ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹ ደክሟቸዋል፣ ፖምፓው ያበራል። ደግሞስ ደህና ቢሆንስ? ደህና ሊሆን ይችላል እኮ። ገብረ አምላክ አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ለተጊዮርጊስ ገባች።

የጋራዡና የቤታቸው ግቢ አንድ ነው፤ መሐላቸው ያለው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሆኖም ለተጊዮርጊስ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ወንዶች ባሉበት ወደ ጋራዡ እግሯን አስገብታ አታውቅም። የባሏን ምሳ ከቆርቆሮው በር ላይ ታቀብላለች፣ ትመለሳለች። አሁን ግን ስትለቅመው የነበረውን ምስር ሰፌዱ ላይ ትታ፣ ጆግ በአንድ እጇ፣ ሳሙና በሌላው ይዛ፣ በዘይት የረጠበውን መሬት እየረገጠች ቀጥ ብላ መጣችና ፊቱ ቆመች።

«እጅህን ታጠብ።»

«ገና አልጨረስኩም እኮ!»

ውሃውን ማፍሰስ ጀምራለች። ሥራ መሐል፣ ሹፌርና ገበያተኛ ፊት፣ ሚስት መጥታ እጅ ስታስታጥብ! ገብረ አምላክ አፈረ። ግን ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ እጁን ዘረጋ። እሷም ጆጉን አስቀምጣ ቀኝ መዳፉን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሳሙናውን አሸችበት፤ ከዚያ በጣቷ መምታት ጀመረች። ቶሎ ቶሎ፣ እኩል እኩል። ግራሶ የምታስለቅቅ መሰለው። መታች፣ መታች፣ መታች፤ ድንገት አንዴ ጣቷ በአየር ላይ ቀረ። እንደገና መታች። አሁንም ቀረ። ሞተሩ እየሞቀ በሄደ መጠን ጣቷ የሚቀርበት ጊዜ እየተቀራረበ፣ እየተደጋገመ መጣ።

ቀና ብሎ ሲያያት ለተጊዮርጊስ የምታየው እጁን አልነበረም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሞተሩን ነበር።

ያኔ ገባው። ፖምፓው ሲሞቅ አንዱን ሲሊንደር ይዘልላል። ምሳው መንዳት እንጂ ማዳመጥ አልተማረም፤ ለእሱ ኤንትሬ ከጮኸ ጤነኛ ነው። ለተጊዮርጊስ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ከቆርቆሮው ወዲያ ተቀምጣ የተበላሸውንም የዳነውንም ስትሰማ ኖራለች። የማን መኪና ዳገቱን እየወጣ እንደሆነ ከድምፁ ለይታ ስንት ሰው ለምሳ እንደሚቀመጥ የምታውቅ ሴት ናት።

ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር ገባው። ታውቃለች። ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ለካ ይኼ ነው። ካቻምና ከጓዳ ሆና መጣራት ተወች። የምትለው ነገር ሲኖር መጥታ ፊቱ ትቆማለች፤ ማዕድ ላይ ከጎኑ ትቀመጥ የነበረችው የመቀመጫ ዱካዋን አንስታ ፊት ለፊቱ አደረገች። የቤታቸውን ቋንቋ፣ ኽምጣኛውን፣ ቀስ ብላ፣ አፏን ከፍታ ትናገርለታለች። እሱ እርጅና ያመጣው ፍቅር መስሎት ደስ ይለው ነበር። ዛሬም ጮኻ ልትነግረው ትችል ነበር፤ ግን ከጮኸች ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች። ምስጢሩን እሱ ከእሷ ሲደብቅ፣ እሷ ከዓለም ስትደብቅለት ኖራለች። ገብረ አምላክ በዚያች ሰዓት ከሚስቱ የበለጠ የወደደው ነገር አልነበረም። አለቀሰ እንዳይባል ሳሙናውን ሰበብ አድርጎ ፊቱን ታጠበ።

«አጥፋው» አለው ምሳውን።

«ምነው? ጠርቶ የለ ጢሱ?»

«ሲሞቅ ያነክሳል። ቁልቁለቱ ላይ ትቶህ ይሄዳል። ፍታው፣ የኮረሙን እንሞክራለን።»

ምሳው እየተነጫነጨ ፈታ። ገበያተኞቹም የየራሳቸውን አጉረመረሙ፤ ማንጠግቦሽ ለፍየሎቿ ውሃ ፍለጋ ሄደች። የኮረሙን ፖምፓ በናፍጣ ሲያጥቡት ከዶሮው ኩስ ሥር ደህና ብረት ወጣ። ገብረ አምላክ አልቸኮለም። ምልክቱን ሁለት ጊዜ አየ፤ አየሩን ሁለት ጊዜ አስወጣ። ሲጨርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ጥላው ግቢውን አልፏል።

ሲነሳ ጥቁር ጢስ ተፋ። በአጥሩ ሥር ያሉት ሁሉ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ምሳው «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየው። ገብረ አምላክ አንዷን ብሎን ጥቂት አዙሮ ነዳጁን ቀነሰለት። ጢሱ ሳሳ። ከዚያ ካቻቢቴውን ሊያነሳ እጁን ሰደደና ተወው። ዞር ሲል ለተጊዮርጊስ አጠገቡ ቆማለች። በዚህ ጊዜ ጆግም ሳሙናም አልያዘችም።

ባልና ሚስት በአደባባይ እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ ያውም ሽማግሌ። መዳፉን ዘረጋላት። ጣቷ መምታት ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ እኩል እኩል። ሞተሩ እስኪሞቅ አራት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል ቆሙ። ገብረ አምላክ ጣቷ የሚቀርበትን ቅጽበት በፍርሃት ጠበቀ። አልቀረም። ምሳው ነዳጅ ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠ፤ ጣቷ ፈጠነ፣ ረጋ፣ ደግሞ ፈጠነ። አንዴም አልዘለለም።

ምሳው ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ሰዎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተጠጉ።

«እህስ አያ ገብሬ፣ ሰሙት?»

አዎ ቢል ማንም አያውቅበትም። ለተጊዮርጊስ እስከ መቃብሯ አትናገርም። ፖምፓውም ደህና ነው፣ ቃሉ እውነት ይሆናል፤ የነገው ሥራም እንጀራውም በቦታው ይቀመጣል። የሚቀረው ነገር፣ እሷ ነገም ልትደብቅለት ሌላ ጆግ ይዛ መምጣቷ ነው።

«አልሰማሁትም» አለ።

ምሳው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«አትሳቅ። ጆሮዬ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰማሁ ያልኳችሁን ሁሉ በእጄና በግምት ነው ያልኩት፤ እግዚአብሔር ጠበቃችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይቅር በለኝ። የአረንጓዴውን ማነከስ የያዘችው ለተጊዮርጊስ ናት፤ ይህንንም የሰማችው እሷ ናት፤ መዳፌ ላይ ነገረችኝ። እኔ ያሰርኩትን አውቃለሁ። መሄድ አለመሄድ ግን የአንተ ነው።»

ምሳው መሳቁን ተወ። ኤንትሬውን አየ፣ የገብረ አምላክን ጆሮ አየ። ገበያተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ገብረ አምላክ መሬቱን ማየት ፈለገ፤ ግን መሬት ካየ የሰው ከንፈር ያመልጠዋልና እንደምንም ቀና እንዳለ ቆየ። ይህን ያህል ራቁቱን የቀረበት ቀን አያስታውስም።

ምሳው ባርኔጣውን አወለቀ። የዞረው ግን ወደ እሱ አልነበረም።

«እትዬ ለቴ፣ ሰምተውታል?»

ለተጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አናግራ አታውቅም። ደነገጠች፤ ነጠላዋን በግራ እጇ ስባ አፏን ሸፈነች፤ ከነጠላው ሥር የሆነ ነገር ተናገረች።

ገብረ አምላክ አልሰማም፤ ከንፈሯንም አላየም። ያየው፣ ማንጠግቦሽ ከተቀመጠችበት ተነስታ አንዱን ፍየል በክንዷ ስታቅፍ፣ ሌሎቹም ከረጢታቸውን እያነሱ ወደ መኪናው ሲሄዱ ነው።